የሕክምና ቃላት አወቃቀር፦ ከሥርወ ቃል እስከ ሕሙም አልጋ

በሀገራችን የሕክምና ትምህርት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይሰጣል። የእንግሊዝኛው የሕክምና ቃል ደግሞ በአመዛኙ ከግሪክና ከላቲን የተወረሰ ነው። በዚህ ምክንያት ወደ ጤና ሙያ የሚገባ ተማሪ ገና ያልጠነከረበትን አንድ የውጭ ቋንቋ ተንተርሶ ሌሎች ሁለት ጥንታዊ ቋንቋዎችን ሳያውቀው ይማራል። ብዙው ይህን ሸክም የሚወጣው በሽምደዳ ነው። ቃላቱን አንድ በአንድ ያጠናል፤ ፈተናውንም ያልፋል፤ ከዓመታት በኋላ ግን የሚቀራረቡ ሁለት ቃላት ሲያጋጥሙት ልዩነታቸውን የሚያስታውስበት መያዣ ያጣል።

ለዚህ ሁለት ቃላትን በምሳሌነት መመልከት ይበቃል። ሂስተሮቶሚ ማለት ማህፀንን በቀዶ ጥገና መክፈት ነው። ሂስተሬክቶሚ ማለት ደግሞ ማህፀንን ቆርጦ ማውጣት ነው። በጆሮ ሲሰሙ ልዩነታቸው እጅግ ጥቂት ነው፤ በሴቲቱ ሕይወት ላይ ግን የመጀመሪያው እንደገና የመውለድን ተስፋ ሊያቆይ ሲችል ሁለተኛው ያንን ተስፋ ይዘጋል። በምጥ ላይ ማህፀኗ ተቀዶ በሆስፒታል ሕይወቷ የተረፈ እናት ወደ ቀዬዋ ተመልሳ በጤና ጣቢያ «ያኔ የተደረገልኝ ምን ነበር?» ብላ ብትጠይቅ፣ የመውጫ ወረቀቷን የምታነብላት አዋላጅ ነርስ የምትሰጣት መልስ በዚያች ጥቂት ልዩነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። የቃላትን አወቃቀር ማወቅ የቋንቋ አፍቃሪዎች ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የቃሉ ክፍሎች

አብዛኛው የሕክምና ቃል ከሦስት ዓይነት ክፍሎች ይዋቀራል። ሥርወ ቃሉ ብዙውን ጊዜ የአካል ክፍሉን ወይም ዋናውን ጉዳይ ይጠራል። ከፊቱ የሚጨመረው ባዕድ መነሻ መጠንን፣ ቦታን፣ ጊዜን ወይም አሉታን ያመለክታል። ከኋላው የሚቀጠለው ባዕድ መድረሻ ደግሞ ምን እንደ ደረሰ ወይም ምን እንደ ተደረገ ይናገራል። ሦስቱም በአንድ ቃል ውስጥ የግድ አይገኙም፤ አንዳንዱ ቃል መነሻ የለውም፣ አንዳንዱ ሁለትና ሦስት ሥርወ ቃላትን ያነባብራል።

ይህ አሠራር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። የጤና ባለሙያው በየዕለቱ የሚጠራቸው ቅድመ ወሊድ፣ ድኅረ ወሊድ፣ ጸረ ወባ፣ ጸረ ተሕዋስያን የሚሉት ስያሜዎች ከግዕዝ በተወረሱ መነሻዎች የተሠሩ ናቸው። የላቲኑ አንቴ ከቅድመ፣ የላቲኑ ፖስት ከድኅረ፣ የግሪኩ አንቲ ከጸረ ጋር ልክ ለልክ ይገጥማሉ። አንቴና አንቲ በላቲን ፊደልም ሆነ በእኛ ፊደል በአንዲት ሆሄ ብቻ ቢለያዩም፣ አንደኛው ቅድመ ሌላው ጸረ መሆኑን አንድ ጊዜ የተረዳ ተማሪ ዳግመኛ አያምታታቸውም።

ቃሉን ከመጨረሻው ጀምሮ ማንበብ የተሻለ ነው፤ ጉዳዩ በሽታ ይሁን፣ ምርመራ ይሁን፣ ቀዶ ጥገና የሚታወቀው ከመድረሻው ነውና። በመተማና በሑመራ ቆላዎች ካላዛር በሚታከምባቸው ተቋማት በታካሚዎች ካርድ ላይ ሁለት ረጃጅም ቃላት ደጋግመው ይታያሉ፦ ሄፓቶስፕሌኖሜጋሊና ፓንሳይቶፔኒያ። የመጀመሪያው ሜጋሊ ብሎ ይጨርሳል፤ መተለቅ ማለት ነው። ምን ተለቀ ቢሉ ሄፓት ጉበት ነው፣ ስፕሌን ጣፊያ ነው። በሁለተኛው ቃል መጨረሻ ላይ ያለው ፔኒያ በግሪክ ድህነት ማለት ነው፤ ሳይት ሕዋስ ነው፣ ፓን ሁሉ ነው። ደሙ በሁሉም ዓይነት ሕዋሳቱ ደህይቷል ማለት ነው። ይህን የተረዳ ባለሙያ ከቃሉ ተነሥቶ ወደ ታካሚው አልጋ መሄድ ይችላል። ቀይ የደም ሕዋስ ካነሰ መገርጣትና ድካም፣ ነጭ የደም ሕዋስ ካነሰ ተደራቢ ኢንፌክሽን፣ ፕላትሌት ካነሰ መድማት መጠበቅ አለበት። ያልታከመ የካላዛር ሕመምተኛ በመጨረሻ ለሞት የሚዳረገውም በአብዛኛው በእነዚሁ በሦስቱ ነው። ቃሉን በሽምደዳ «የደም ሕዋሳት ማነስ» ብሎ የያዘውና ከክፍሎቹ የተረዳው ባለሙያ በፈተና ላይ እኩል ውጤት ያገኙ ይሆናል፤ ሌሊት በተረኝነት ላይ ግን እኩል አይደሉም።

ፊደላችን የሚሰውረው መገጣጠሚያ

ግሪኮቹ ሥርወ ቃልንና መድረሻን ሲያገናኙ፣ መድረሻው በተነባቢ ድምፅ የሚጀምር ከሆነ ብዙውን ጊዜ «ኦ» የምትባል አያያዥ አናባቢ በመካከል ያስገባሉ። መድረሻው በአናባቢ ከጀመረ ግን አያያዧ ትቀራለች። ጋስትሮስኮፒ ሲባል ኦ አለች፣ ጋስትራይቲስ ሲባል የለችም፤ ሥርወ ቃሉ በሁለቱም ጋስትር፣ ማለትም ጨጓራ ነው። በላቲን ፊደል ይህች ኦ ለብቻዋ ስለምትጻፍ መገጣጠሚያው ለዓይን ይታያል። በእኛ ፊደል ግን ተነባቢውና አናባቢው በአንድ ሆሄ ስለሚጻፉ የሥርወ ቃሉ መጨረሻና አያያዧ «ሮ» በምትባል አንዲት ሆሄ ውስጥ ተጣብቀው ይገኛሉ። መቁረጫው ያለው በሁለት ሆሄያት መካከል ሳይሆን በአንዲቱ ሆሄ ውስጥ ነው።

ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት መመለስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሥርወ ቃሉ በሁለቱም ሂስተር፣ ማለትም ማህፀን ነው። ሂስተሮቶሚ ውስጥ ያለችው ሮ፣ «ር» እና አያያዧ ኦ ናት፤ የሚከተላት ቶሚ መቁረጥ ወይም መሠንጠቅ ማለት ነው። ሂስተሬክቶሚ ውስጥ ያለችው ሬ ግን ሌላ ታሪክ አላት። በውስጧ የተሸሸገችው ኤ፣ «ኤክ» የሚለው ቃል መጀመሪያ ናት፤ ኤክ ደግሞ በግሪክ ወደ ውጭ ማለት ነው። ኤክቶሚ ቆርጦ ማውጣት የሆነው ስለዚህ ነው። ሴቲቱ ማህፀኗ ይኑር ወይም ይውጣ የሚናገረው ድምፅ የሚጀምረው ከሬ ውስጥ ነው።

ሦስተኛ ዘመድ አላቸው፤ እርሱም ስቶሚ ነው። ስቶማ በግሪክ አፍ ማለት ሲሆን፣ ኮሎስቶሚ ሲባል ለደንዳኔ በሆድ ቆዳ ላይ አዲስ አፍ ተከፍቶለታል ማለት ነው። ቶሚ ከፍቶ ይዘጋል፣ ኤክቶሚ ያወጣል፣ ስቶሚ ክፍት አፍ ይተዋል። ኮሎስቶሚ ያለው ታካሚ በየዕለቱ ከረጢት መቀየርና የቆዳ እንክብካቤ እንደሚያስፈልገው ነርሷ የምትገነዘበው ከዚህ አፍ ነው።

በፊደላችን ምክንያት የሚደርሰውን ችግር ለማቃለል ሥርወ ቃላትን በሳድስ ጨርሶ ማጥናት ይረዳል፦ ጋስትር፣ ሄፓት፣ ሂስተር፣ ኔፍር፣ አርትር እያሉ። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ቀላል ሊሆን ይገባል። ደከመ፣ ድካም፣ ደካማ፣ አድካሚ በሚሉት ቃላት ውስጥ ደ-ከ-መ የሚለውን ሥር ለማየት አናባቢዎችን ማራገፍ ከልጅነት የለመደው ነገር ነውና። ልዩነቱ፣ የእኛ ቋንቋ አናባቢን በተነባቢዎች መካከል እንደ ድርና ማግ ሲሸምን፣ ግሪክ ክፍሎቹን እንደ ጡብ በተርታ መደርደሩ ነው።

ፊደላችን ጨርሶ ሊለያቸው የማይችላቸው ቃላትም አሉ። የትንሹ አንጀት መጨረሻና የዳሌው አጥንት በእንግሊዝኛ በአንዲት ፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ በአማርኛ ሲጻፉ ግን ሁለቱም ኢሊየም ናቸው። በዚህ ጊዜ የውጭውን ቃል መጻፍ ትቶ «የዳሌ አጥንት» ወይም «የትንሹ አንጀት መጨረሻ» ማለት ግዴታ ይሆናል።

የሚያሳስቱ መንትዮች

ከሁሉ የከፉት መንትዮች ሃይፐርና ሃይፖ ናቸው። አንደኛው ከልክ በላይ፣ ሌላው ከልክ በታች ማለት ነው። ለስኳር ሕመምተኛ ሃይፖግላይሴሚያ ማለት ቶሎ ስኳር ስጡ ማለት ሲሆን፣ ሃይፐርግላይሴሚያ ወደ ኢንሱሊን የሚያመራ ነው። መድኃኒታቸው ተቃራኒ የሆነ ሁለት ችግሮች ስማቸው ይህን ያህል መመሳሰሉ የአሰያየም ጉድለት ነው ማለት ይቻላል። በተለይ በስልክ፣ ወይም በሚንጫጫ የድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሃይፐር መጨረሻ በቀላሉ ይዋጣል። እዚህ ላይ አማርኛ የተሻለ ጠባቂ ነው። «ስኳሩ አንሷል፣ 45 ነው» ያለ ነርስ ንግግሩ በምንም መንገድ ወደ ተቃራኒው አይተረጎምም። ቃሉን በእንግሊዝኛ፣ አቅጣጫውን በአማርኛ፣ መጠኑን በቁጥር መናገር ሰከንድ እንኳ አይፈጅም።

ዲስፋጊያና ዲስፋዢያ ሌላው ጥንድ ናቸው። ዲስ ችግርን ያመለክታል። ፋጊያ ከመብላት፣ ፋዢያ ከመናገር የመጡ ናቸው። በስትሮክ የተያዘ ታካሚ ሁለቱም ሊኖሩበት ስለሚችሉ ስህተቱ ሳይታወቅ ያልፋል። መናገር ብቻ ይቸግረዋል ተብሎ የታሰበ፣ ነገር ግን መዋጥ የተሳነው ታካሚ በማንኪያ ሾርባ ሲሰጠው ምግቡ ወደ ሳንባው ገብቶ ለሳንባ ምች ይዳርገዋል።

ከላቲን የመጡት ኢንተርና ኢንትራም እንዲሁ ናቸው፤ ኢንተር በመካከል፣ ኢንትራ በውስጥ። ኢንትራቪነስ በደም ሥር ውስጥ ነው። ኢንትራቴካል ደግሞ ቴካ ከሚለው፣ ማኅደር ወይም ማኖሪያ ሣጥን ከሚል የግሪክ ቃል መጥቶ፣ አከርካሪ ሠረሠርን በከበበው ከረጢት ውስጥ ማለት ነው። ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ ያድናል፤ በዚያ ከረጢት ውስጥ በስህተት ሲሰጥ ግን ብዙውን ጊዜ ይገድላል።

ቃሉ ራሱ ሲያስተምር

አንዳንድ ቃል ሲፈታ ከትርጉም አልፎ የበሽታውን መንሥኤና መከላከያውን ጭምር ይሰጣል። ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ ከፖዶኮኒዮሲስ የተሻለ ምሳሌ የለም።

በብዙ የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት በቀድሞው የሕክምና መጠሪያ ኤሌፋንቲያሲስ ይባል ነበር። ኤሌፋስ ዝሆን ነው። ይህ ስም የሚናገረው መልክን ብቻ ነው፤ አማርኛውም እንደዚሁ። ስለ መንሥኤው ዝም ስለሚል ክፍተቱን ሌላ ነገር ይሞላዋል፦ እርግማን ነው፣ ድግምት ነው፣ ይጋባል፣ ከዘር የሚወርድ ነው የሚል ወሬ። የታመመው ሰው ከማኅበርና ከእድር ይገለላል፤ የእህቱና የወንድሙ ጋብቻ ሳይቀር ይሰናከላል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ይህን በሽታ ያጠና ኤርነስት ፕራይስ የተባለ ብሪታኒያዊ ሐኪም በታማሚዎቹ የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ከአፈር የመጡ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶችን አገኘ። በሽታው የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር ባለበት፣ ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ ቦታ፣ በባዶ እግር በሚያርሱና በሚጓዙ ሰዎች ላይ መሆኑንም አስተዋለ። ለበሽታው ያወጣለት ስም ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ፖድ እግር፣ ኮኒስ አቧራ፣ ኦሲስ የሕመም ሁኔታ። ስሙን ሲያወጣ ከፊቱ አንድ አርአያ ነበረው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1867 ጀርመናዊው ዘንከር አቧራ በመተንፈስ ለሚመጣ የሳንባ ሕመም ከሰጠው፣ ዛሬ ኒሞኮኒዮሲስ ከሚባለው ስያሜ ነው። የማዕድን ቆፋሪው ሳንባና የገበሬው እግር በአንድ ቃል ዘመዳሞች ሆኑ።

ቃሉን የፈታ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የትምህርቷን ዋና ነጥብ በእጇ ይዛለች። አቧራው ወደ እግር እንዳይገባ ጫማ፤ የገባው እንዳይቆይ በውኃና በሳሙና መታጠብ። አቧራ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። የዘር ጉዳይ ግን ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በወላይታ የተደረገ የዘረ መል ጥናት አንዳንድ ሰዎች ለዚህ አፈር በውርስ ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳይቷል። ተጋላጭነት ይወረሳል፤ በሽታው ግን ያለ አፈሩ አይመጣም፤ የታማሚ ልጅ ከሕፃንነቱ ጫማ ቢያደርግ ሊድን ይችላል። ይህ ልዩነት ለቤተሰቡ በጥንቃቄ መነገር አለበት።

በሌላ በኩል ተመሳሳይ እብጠት የሚያመጣ ሊምፋቲክ ፋይላሪያሲስ የሚባል በሽታ በጋምቤላና በመሰል ቆላማ አካባቢዎች ይገኛል። ፊሉም በላቲን ክር ነው፤ ትንኝ የምታስተላልፈው ክር መሰል ትል መንሥኤው መሆኑን ስሙ ይናገራል። ለክሩ ትል አይቨርሜክቲንና አልቤንዳዞል ይታደላሉ፤ ለአቧራው ግን እነዚህ ክኒኖች ምንም አይፈይዱም። ፖዶኮኒዮሲስ ከእግር ጣቶችና ከውስጥ እግር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በታች ይቀራል፣ ሁለቱንም እግር ይይዛል። ፋይላሪያሲስ ብዙውን ጊዜ አንዱን እግር ያጠቃል፣ ከጉልበት በላይ ሊወጣ፣ የወንዶችን የቆለጥ ከረጢትም ሊያሳብጥ ይችላል። በሥጋ ደዌ ደግሞ እግሩ ስሜት ያጣል፤ በፖዶኮኒዮሲስ ስሜቱ አለ። ሁሉንም «ዝሆኔ» ብሎ መጻፍ እነዚህን ልዩነቶች በአንድ ጆንያ መክተት ነው።

ስሙ የማይታመንበት ጊዜ

ቃልን መፍታት ወሰን አለው። ክፍሎቹ የሚናገሩት ስም ያወጣው ሰው ያየውን ወይም ያመነውን እንጂ ሁልጊዜ እውነቱን አይደለም። ማላሪያ በጣልያንኛ መጥፎ አየር ማለት ነው። ላቭራን እ.ኤ.አ. በ1880 ጥገኛ ተሕዋሱን በደም ውስጥ ቢያይም፣ ሮስ በ1897 በትንኝ ውስጥ ቢያገኘውም፣ የአየሩ ስም እስከ ዛሬ አለ። ወባ የሚለው የእኛ ቃል ቢያንስ እንዲህ ያለ የተሳሳተ ንድፈ ሐሳብ አላዘለም። አኒሚያ ሲፈታ ደም አልባ ይሆናል፤ ደም አልባ ሰው ግን የለም፤ ደም ማነስ የሚለው አማርኛ ከግሪኩ ይልቅ ትክክል ነው። የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ማይኮባክቴሪየም ማይኮ ስላለበት ፈንገስ የሚመስለው ተማሪ ይኖራል። ስሙ የወጣለት በፈሳሽ ማብቀያ ላይ እንደ ሻጋታ ተንሳፍፎ ስለ ታየ ነው፤ የፈንገስ መድኃኒት አይነካውም። ኦማ እንኳ ሁልጊዜ ዕጢ አይደለም። ትራኮማ፣ በአማርኛ የዓይን ማዝ፣ ሻካራነት ማለት ነው፤ የዓይን ቆብ ሲገለበጥ የሚታየውን ሻካራ ገጽ የሚገልጽ ነው። ትራኪያ፣ ማለትም ዋናው የአየር ቧንቧ፣ ከዚሁ ሻካራ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ የጥንት ሰዎች የቧንቧውን ቀለበቶች ዳስሰው ሻካራው ቧንቧ አሉት።

አይቲስ የሚለው መድረሻም በመነሻው ቁጣ ወይም ብግነት ማለት አልነበረም። «የዚህ አካል የሆነ» የሚል ቅጽል ብቻ ነበር፤ አርትራይቲስ የመገጣጠሚያ ሕመም ለማለት ያህል ነው። የዛሬውን ትርጉም ያገኘው ከጊዜ በኋላ ነው። ላቲኖች ይህን ሁኔታ ከእሳት ነበልባል ጋር አያያዙት፤ አማርኛ ቁስሉ ተቆጣ ይላል። ለታካሚ ሲያስረዱ ከነበልባሉ ይልቅ ቁጣው ይገባል።

ከሁሉም በላይ ሊፈታ የማይችለው ግን ምሕጻረ ቃል ነው፤ ክፍሎቹ ተቆርጠው የተጣሉ ቃል ነውና። በልብ ሕክምና ክፍል ኤም ኤስ የተባለው ሚትራል ስቴኖሲስ፣ ማለትም የሚትራል ቫልቭ መጥበብ ነው። በነርቭ ክፍል መልቲፕል ስክለሮሲስ ይሆናል። በመድኃኒት ማዘዣ ላይ ሲጻፍ ሞርፊን ሰልፌት ወይም ማግኒዚየም ሰልፌት ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ለጤና ተቋማት ዕውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የተከለከሉ ምሕጻረ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ይህንን ማካተቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በኤክላምፕሲያ ለምትንቀጠቀጥ እናት የሚታዘዘው ማግኒዚየም ነውና፣ በማዘዣው ላይ ሙሉ ስሙ፣ መጠኑና አሰጣጡ ተዘርዝሮ መጻፍ ይኖርበታል።